ሬዚስተር ምንድን ነው? ከእንጀራ ምጣድ እስከ ቢሮ መሣሪያ

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በኖፓ፣ እንዲሁም በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች የሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለት ሥራቸውን የሚያከናውኑት በኮምፒዩተር፣ በማተሚያና በፎቶ ኮፒ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ በንብረት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «ተቃጥሏል» የሚል አንድ ቃል ሲሆን፣ መሣሪያው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ የሽያጭ ወይም የማስወገድ ውሳኔ ይጠብቃል። ሆኖም ተቃጠለ ከተባለው መሣሪያ ውስጥ የጠፋው ዋጋው ከጥቂት ብር የማይበልጥ አንድ ሬዚስተር ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ይህንኑ ሬዚስተር ያለ ዕውቀት መተካት ጉዳቱን ከንብረት ወደ ሰው ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህም የጥገና ጥያቄ የሚፈርም ኃላፊ ባለሙያ ባይሆንም እንኳ ስለዚህ ዕቃ መሠረታዊ ግንዛቤ ቢኖረው ይጠቅመዋል።

ሬዚስተር የኤሌክትሪክ ፍሰትን በታወቀ መጠን የሚገታ ዕቃ ነው። የመግታት አቅሙ የሚለካበት ኦም የተሰኘው መለኪያ ስያሜውን ያገኘው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ እንዳመለከተው፣ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት የሚገኘው ቮልቴጁ ለሽቦው የመግታት አቅም ሲካፈል ነው። አንድ ቮልት በአንድ ኦም ውስጥ አንድ አምፔር ያሳልፋል።

ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የተጠመጠመው ሽቦ ራሱ ትልቅ ሬዚስተር ነው። በአገራችን መደበኛ በሆነው 220 ቮልት 3 ሺህ 500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ያሳልፋል፤ የሽቦው የመግታት አቅምም ወደ 14 ኦም ይጠጋል። በበዓል ዋዜማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጋግር መስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 180 ቢወርድ ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ የሚሰጠው ሙቀት ግን ወደ 2 ሺህ 340 ዋት ዝቅ ይላል። ቮልቴጁ በ18 በመቶ ቢቀንስም ሙቀቱ የሚቀንሰው በሲሶ ነው። ምክንያቱም ኃይል የሚሰላው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለኦም ሲካፈል በመሆኑ ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጥፋቱ የሊጡ ወይም የጋጋሪዋ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ይኸው ስሌት በማመንጫው በኩልም አለ። በኢሉባቦር የሶር ወንዝን ውኃ በመጠቀም እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረው አነስተኛ የኃይል ማመንጫ የተተከለለት አቅም 5 ሜጋ ዋት ነው። በስሌት ደረጃ ይህ 1 ሺህ 400 ገደማ ምጣዶችን ብቻ በአንድ ጊዜ ያግላል፤ ለመብራት፣ ለወፍጮና ለመስመር ብክነት የሚተርፍ ሳይኖር ነው።

በቢሮ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ሬዚስተር ግን ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ መጠኑ በገላው ላይ በተቀቡ የቀለም ቀለበቶች ይነበባል። ጥቁር ዜሮ፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ሐምራዊ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9 ነው። አራት ቀለበት ባለው ሬዚስተር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አኃዞች ናቸው፤ ሦስተኛው ከኋላቸው የሚጨመሩትን ዜሮዎች ብዛት ያመለክታል፤ አራተኛው ደግሞ ከተጻፈው መጠን ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ይገልጻል፤ ወርቃማ ከሆነ 5 በመቶ፣ ብርማ ከሆነ 10 በመቶ ነው።

የቀለም ንባብ ስህተት የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ12 ቮልት የፀሐይ ኃይል ባትሪ የምትበራ አንዲት ትንሽ ነጭ የኤል ኢ ዲ አምፖል የምትፈልገው 3 ቮልት ገደማና 20 ሚሊ አምፔር ነው። ቀሪውን 9 ቮልት የሚሸከመው ሬዚስተር ስለሆነ 9 ለ0.02 ሲካፈል 450 ኦም ይመጣል። በገበያ የሚገኘው ተቀራራቢ መጠን 470 ኦም ሲሆን ቀለሙ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ ነው። ጠጋኙ በደብዛዛ ብርሃን ቡናማውን ከጥቁር ሳይለይ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር የሆነውን ቢያስገባ መጠኑ 47 ኦም ብቻ ይሆናል። አምፖሏ ከሚገባት አሥር እጥፍ ያህል ፍሰት ደርሷት ወዲያው ትቃጠላለች።

ከኦሙ እኩል ሊታይ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘነጋው፣ የዋት መጠን ነው። ሬዚስተር የገታውን ኃይል የሚያስወግደው በሙቀት መልክ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 470 ኦም ወደ 0.17 ዋት ስለሚያመነጭ ሩብ ዋት የሚችለው ቢበቃውም ግማሽ ዋቱን መምረጥ ይመረጣል። በስህተት የገባው 47 ኦም ደግሞ ከ1.7 ዋት በላይ ይሸከማል፤ ሩብ ዋት የሚችል ከሆነ ጠቁሮ ይጨሳል። የኦሙ መጠን ትክክል ሆኖ ዋቱ ያነሰ ሬዚስተር የተተከለበት መሣሪያ በባለሙያው ፊት ሠርቶ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የተቃጠለ ሬዚስተር ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የተበላሸ ዕቃ መኖሩን ይጠቁማል። በተለይም በስልክ ቻርጀሮችና በኮምፒዩተር ኃይል ሰጪዎች መግቢያ ላይ አንዳንድ ሬዚስተሮች የሚተከሉት ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ እንደ ፊውዝ ተበጥሰው አደጋውን እንዲያስቀሩ ነው። በእነዚህ ቦታ ሽቦ መቀጠል መሣሪያውን ለጊዜው ሊያስነሳው ይችላል፤ የእሳት መከላከያውን ግን ያስወግዳል። በመሆኑም የጥገና ሰነድ የተተካውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተቃጠለበትንም ምክንያት እንዲይዝ መጠየቅ የኃላፊው ድርሻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

ማንም ያልተከላቸው ሬዚስተሮችም አሉ። የላላ ሶኬት አንዱ ነው። መጋጠሚያው ላይ አንድ ኦም ብቻ ቢኖርና ለኮምፒዩተር በተዘረጋ ማከፋፈያ ገመድ ላይ 9 አምፔር የሚወስድ የሻይ ማፍያ ቢሰካ፣ በዚያች ጠባብ ነጥብ ላይ 81 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ይህም ፕላስቲክ ለማቅለጥ የሚበቃ ነው። በአንድ ማከፋፈያ ላይ ብዙ ዕቃ በተሰካ ቁጥርም አጠቃላይ የመግታት አቅሙ እያነሰ፣ ፍሰቱ እየጨመረ ይሄዳል። የሚሞቅ ሶኬት ላይ እጅ ሲያርፍ የሚሰማው ይኸው ነው።

ዝናብ በሚበዛበት በኢሉባቦር እርጥበትም ሊታሰብበት ይገባል። በመሣሪያ ውስጥ የተጠራቀመ አቧራ እርጥበት ሲይዝ በሰርኪዩቱ ላይ ያልታሰበ የፍሰት መንገድ ይከፍታል። ይህ መንገድ በተለይ ከፍተኛ ኦም ካላቸው ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲፈጠር መጠናቸውን ዝቅ ያደርገዋል፤ መሣሪያውም ባይቃጠልም የተሳሳተ ሥራ ይሠራል። ክረምቱን በመጋዘን የቆየ ኮምፒዩተር ሳይጸዳና ሳይደርቅ ባይበራ ይመረጣል።

ሬዚስተርን በመልቲሜትር ለመለካት በቅድሚያ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ መነቀል፣ በውስጡ በካፓሲተሮች የተጠራቀመው ኃይልም መውጣት አለበት። ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሊመቱ ስለሚችሉ ይህ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ነው። ሬዚስተሩ ከሰርኪዩቱ ሳይወጣ ከተለካ አጠገቡ ያሉት ዕቃዎች ንባቡን ስለሚያሳንሱት ቢያንስ አንድ እግሩ ይነሳል። ንባቡ ከተጻፈው እጅግ ከፍ ካለ ወይም ጨርሶ ከሌለ ሬዚስተሩ ተበጥሷል።

ለሕንፃው ደኅንነት የተቀበረው የመሬት ሽቦም የሚፈተሸው በኦም ነው፤ ይህ ግን የራሱ መለኪያ መሣሪያ አለው። አፈር እርጥብ ሲሆን ፍሰት በቀላሉ ስለሚያሳልፍ በሐምሌ የተወሰደ ልኬት መሬቱ በደረቀበት በየካቲት ሊገኝ ከሚችለው ያነሰ ኦም ያሳያል። የመሬት ሽቦ ልኬት በበጋ እንዲወሰድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።