ውጫሌ፤ ስለ ውሉና ስለ ገበሬው በሬ

ውጫሌ የሚለውን ስም ያልሰማ ተማሪ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አይገኝም። ስሙ በተነሣ ቍጥር ወዲያው የሚታሰበን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል፤ ከውሉም ውስጥ 17ኛው አንቀጽ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ፈቃድ የሰጠውን ነገር የኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ እንደ ጻፈው፣ ከዚህም የተነሣ ክርክሩ ወደ ጦርነት ደርሶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ እንደ ተፈጸመ መምህራን በሚገባ ያስተምራሉ። ይህም መልካም ነው።

ዳሩ ግን ውጫሌ ውል ብቻ ሳትሆን አገርም ናት። በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም ከእርስዋ ብዙ አይርቅም። በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከጥንት ጀምሮ በእርሻ የሚተዳደር ነው። ታላላቆቹ ሰዎች በድንኳን ተቀምጠው ስለ አንቀጽ በሚነጋገሩበት በዚያው ዓመት የአገራችን ገበሬ በሬው እያለቀበት ነበር። የውሉን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ የበሬው ታሪክ ግን ከመጻሕፍቱ ግርጌ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ድህነት በአንድ አገር እንዴት ሥር እንደሚሰድ፣ ከአባት ወደ ልጅም እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከበሬው ታሪክ የተሻለ መምህር አያገኝም።

«ክፉ ቀን» እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጠራው ዘመን የጀመረው በከብት እልቂት ነው። ሕዝቡ «ደስታ» ብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገባ፤ ለኢጣልያ ጦር ስንቅ ከውጭ አገር ከመጡ ከብቶች ጋራ እንደ መጣም ይነገራል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ አገሩን አዳረሰው። ከመቶው ከብት ዘጠናው አለቀ ብለው የገመቱ ጸሐፊዎች አሉ። በዚህ ላይ በ1881 ዓ.ም. መኸሩ ጠፋ፤ አንበጣና ተምችም ተጨመሩበት። በመጋቢት መግቢያ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የውጫሌ ውል ተፈረመ። ረኀቡ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አገሩን ለቆ አልሄደም፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዝናም ጐድሎ ሰብል ቢጠፋ፣ በሚቀጥለው ክረምት ዝናሙ ሲመለስ ረኀቡም ሊወገድ ይገባው ነበር። ስለ ምን ዓመታት ቆየ? መልሱ አጭር ነው፤ ዝናሙ ቢዘንብም የሚያርስ በሬ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲከተሏቸው እንዳደረጉ በታሪክ ተጽፏል። ይህን ብዙዎች የንጉሡን ትሕትና ለማመስገን ይጠቅሱታል፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል። ነገር ግን ንጉሥ ዶማ እስከ መያዝ ከደረሰ፣ በሬ የሌለው ተራው ገበሬ በምን ሁኔታ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

በዚያው የችግር ዘመን፣ በመስከረም 1882 ዓ.ም. በኢጣልያ በተፈረመው ተጨማሪ ውል መንግሥት 4 ሚሊዮን ሊሬ ሲበደር መያዣ ሆኖ የቀረበው የሐረር ጕምሩክ ነበር። ምኒልክ የውሉን አደጋ ተረድተው በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት ለኃያላን መንግሥታት አስታወቁ። መንግሥትም ሆነ ገበሬ በችግር ጊዜ ሲበደር የሚያስይዘው ነገ የሚኖርበትን ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። መንግሥት ግን ጦርና መልእክተኛ አለው፤ ገበሬው ያለው በሬው ነው።

እንግዲህ በሬ በአንድ ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። ጥማድ በሬ ያለው ሰው መሬቱን በጊዜው ያርሳል፤ በጊዜውም ይዘራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ በተራ ያርሳል። ምንም የሌለው ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ አለው። ወይ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ይቀበላል፤ ወይም በባለ በሬው እርሻ ላይ በጉልበቱ እያገለገለ በለውጡ በሬ ይዋሳል። የሚዋሰው ግን ባለቤቱ የራሱን አርሶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ርጥበቱ አልፏል። በዚህ ምክንያት አንዱ ዝናም በሁለት ጎረቤታሞች እርሻ ላይ ሲዘንብ፣ አንዱ ጎተራውን ይሞላል፤ ሁለተኛው እፍኝ ለቅሞ ይገባል። ከሰማይ የወረደው እኩል ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው ከቀንበሩ ነው።

ረኀብ ባልተሰማበት ዓመት እንኳ ይህ ሁለተኛው ሰው ዕረፍት የለውም። ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ባዶ ነው። እህል ከሁሉ ይልቅ በሚወደድበት በሐምሌና በነሐሴ ይበደራል፤ እህል ከሁሉ ይልቅ በሚረክስበት በመኸር ጊዜ ከነወለዱ ይከፍላል። በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት ዕጣው ነው። የወር ደመወዝ ለምንቀበል ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ምንም ደመወዙ ቢያንስ፣ የሚመጣው ቀንና የሚመጣው ገንዘብ አስቀድሞ ይታወቃል። ያ ሰው ግን የዓመቱን ደመወዝ የሚያውቀው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። እኛም እንደምናምነው፣ ከማጣት ይልቅ የሚከፋው ይህ የነገን አለማወቅ ነው፤ ነገን የማያውቅ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለመስደድ ይፈራል፤ አዲስ ዘር ለመሞከር አይደፍርም፤ ያለችውን ጥቂት ነገር ይዞ ለመቆየት ብቻ ይታገላል።

አንዳንድ የከተማ ሰዎች ገበሬ በረኀብ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ርዳታ ይጠብቃል ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ከዚሁ ከአምባሰል የተገኘ ማስረጃ አለን። አቶ ደሳለኝ ራኅማቶ ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ በአምባሰል ገበሬዎች መካከል ምርምር አድርገው፣ ሕዝቡ ክፉውን ዘመን በምን ዘዴ እንደ ታገለ በመጽሐፍ አቅርበውታል። የትግሉም አካሄድ በቅደም ተከተል የተደረገ ነው። አስቀድሞ ምግብ ይቀነሳል፤ ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረው ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎም አንድ ጊዜ ይሆናል። ከዚያ ከዘመድ መበደር ይመጣል፤ ዶሮ፣ ፍየል፣ በግ ወደ ገበያ ይወጣል። ጐልማሶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። በሬው እስከ መጨረሻው ይጠበቃል። ቤተ ሰቡ ጦሙን እያደረ ለበሬው ገለባ ይፈልጋል፤ በሬው ከተሸጠ የሚመጣው ዝናም ለእርሱ እንደማይሆን ያውቃልና። በመጨረሻ እርሱም ሲሸጥ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው፤ ወደ ርዳታ ጣቢያ የሚወስደው መንገድም ያን ጊዜ ይጀመራል።

የሚያሳዝነው ደግሞ በሬውን የሚሸጠው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ሁሉ በአንድ ሳምንት ገበያ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ በዚያው ገበያ የእህል ዋጋ ይነሣል። «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት ይህን ነገር ለዓለም ግልጽ አድርጎታል። የሕንድ ተወላጅ የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ የወሎን ረኀብ መርምሮ፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል እንዳልጐደለ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚገመተው ሰማይ እንዳልወጣ አሳይቷል። እንዲያውም እህል ከወሎ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጐዳና በውጫሌ የሚያልፍ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ሸጦ የሚገዛበትንም በአንድነት አጣ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በገበያ ላይ ድምፅ የለውምና እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። በዚያን ጊዜ ባለሥልጣኖች የሰሙትን ቶሎ አልገለጹም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡት ፎቶግራፍ፣ በኋላም በ1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ነገሩን አወጣው። የሞተው ሰው ቍጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ በተለያየ መንገድ ተገምቷል። መንግሥቱም ራሱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደቀ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ መሬት ዕዳ ነጻ አወጣው። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አዋጁ መሬት እንጂ በሬ አላከፋፈለም። መሬት የደረሰው ባለ ባዶ ቀንበር ገበሬ፣ ለአዲሱ መብቱ አሮጌውን የእኩል ውል ይዞ ወደ ባለ በሬ ደጅ ተመለሰ። በቅጥር የሰው ጕልበት ማሳረስም በመከልከሉ፣ በክፉ ጊዜ በየእርሻው ተቀጥሮ ቀን ያሳልፍ ለነበረው አንድ በር ተዘጋበት። ከዐሥር ዓመት በኋላ የ1977ቱ ረኀብ ሲመጣ ጎተራውም ጋጣውም ባዶ ሆኖ ቆየው። በዚያው ዓመትና በሚቀጥለው 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ሲደረግ፣ ከግማሹ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር።

በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ሕዝቡን ያቆየው በመጀመሪያ የራሱ መረዳዳት ነው። በወሎ «ቅሬ» የሚባለው ማኅበር ለሞተው መቅበሪያ፣ ለቀረው መጽናኛ ነው። ደቦና ወንፈል ጕልበት ላጣው ጕልበት ይሆናሉ። ከብት ያለው ለሌለው ጊደር በርቢ ይሰጣል። ዘካውና ምጽዋቱም ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን አጥር አልፎ ለጎረቤት ይደርሳል። ነገር ግን ይህ መልካም ሥርዓት ወሰን አለው። የአንዱ ቤት ሲቃጠል ዐሥሩ ተባብረው ይሠሩለታል፤ ዐሥሩም በአንድ ሌሊት ሲቃጠሉ ማን ለማን ይሠራል? የመንግሥት ሥራ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን አሳብ መሠረት ያደረገ ነው። መሥራት የሚችለው በእርከንና በመንገድ ሥራ፣ የማይችለው ያለ ሥራ፣ በችግሩ ወራት እህል ወይም ገንዘብ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ እንዲያገኝና በሬውን እንዳይሸጥ የታሰበ ነው። አሳቡ ቀና ነው። ፍሬው ግን የሚለካው በቀኑ ነው። ክፍያው በዘገየባቸው ጊዜያት ሰው እንደ አባቶቹ ወደ ገበያ ወጥቷል፤ በሬው ከሄደ በኋላ የሚደርስ እህል ነፍስ ያድናል እንጂ ኑሮ አይመልስምና። ከዚያም በኋላ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በዚሁ ምድር አልፈዋል። ያለፈውን ኪሳራ ሳይተካ ሌላ ኪሳራ የሚከተለው ቤት ድሀ የሚሆነው በስንፍናው ሳይሆን በሁለቱ መከራዎች መካከል ያለው ጊዜ ስለሚያጥርበት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት በአንድ ቃል ሊነገር ይችላል፤ ርዳታ ከበሬው ሽያጭ በፊት ሊደርስ ይገባል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለን ሰዎች ይህን ባንረሳ መልካም ነው። በጠረጴዛችን ላይ አንድ ሳምንት የሚያድር ደብዳቤ ለእኛ ተራ ወረቀት ነው፤ በዚያች ሳምንት ውስጥ ግን አንድ የገበያ ቀን አለ። የችግር ወሬ ሲደርሰንም የሞተ ሰው እስኪቈጠር መጠበቅ የለብንም፤ የከብት ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ ሲወጣ ገበያው ራሱ ሪፖርቱን ጽፎታል። መምህራንም ስለ 17ኛው አንቀጽ በሚያስተምሩበት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ለበሬው ቢተውለት፣ ተማሪው አገሩ የተጠበቀችው በፊርማና በጦር ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

ተስፋም አለ። ያን ዘመን «ክፉ» ያሰኘው የከብት በሽታ፣ አባቶቻችን የማይመለስ መቅሠፍት ነው ያሉት፣ በክትባትና በብዙ አገሮች ትብብር ተዋግተውት በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታውጇል። በሬውን የሚገድለው በሽታ ከጠፋ፣ በሬውን የሚያሸጠውም ችግር የማይጠፋበት ምክንያት የለም። የቀረው ሥራ የእኛ ነው።