ከብርጭቆ እስከ ላንታነም ፍሎራይድ፤ የአዮን መራጭ ኤሌክትሮድ አመጣጥ

ለአንድ መንደር ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃው ለመጠጥ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በውስጡ የሚገኘው የፍሎራይድ መጠን ነው። ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ ሲገኝ በዓይን አይታይም፤ በሽታም አይለይም። ውኃው ቢፈላም አይለቅም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ እየጠነከረ ይሄዳል። መጠኑን ለማወቅ በሰፊው የሚሠራበት መሣሪያ አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ የተባለው ሲሆን፣ የዚህ መሣሪያ ታሪክ በአብዛኛው ተስማሚ ቁስ የመፈለግ ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። ቀመሩማ ቀድሞ ነበረ። ቫልተር ኔርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 ባስታወቀው ሕግ መሠረት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ባለ ነጠላ ቻርጅ አዮን መጠን አሥር እጥፍ ሲለወጥ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቮልቴጁ በ59 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። የጎደለው ነገር አንዱን አዮን ተቀብሎ ሌላውን የሚከለክል ገለፈት ነበር።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ገለፈት ተራው ብርጭቆ ሆነ። ማክስ ክሬመር በ1906 አሲድነታቸው የተለያየ ፈሳሾች በስስ ብርጭቆ ሲከፈሉ በመካከላቸው ቮልቴጅ እንደሚፈጠር አሳየ፤ ፍሪትዝ ሐበርና ዚግሙንት ክሌሜንሲየቪችም በ1909 ይኸንኑ የሃይድሮጅን አዮንን ለመለካት አዋሉት። ነገር ግን ማንኛውም ብርጭቆ ለዚህ ሥራ እንደማይሆን ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ማኪነስና ዶል በ1930 የተለያዩ ቅንብሮችን ከፈተሹ በኋላ 72 በመቶ ሲሊካ፣ 22 በመቶ ሶዲየም ኦክሳይድና 6 በመቶ ካልሲየም ኦክሳይድ ያለበትን መረጡ። ብርጭቆ የኤሌክትሪክን ፍሰት እጅግ ስለሚቋቋም አምፖሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መሳሳት ነበረበት፤ ከዚህም የተነሳ ቶሎ ቶሎ ይሰበር ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው አርኖልድ ቤክማን ሲሆን፣ በ1934 ደካማውን ምልክት በቫኪዩም ቱቦ የሚያጎላ መሣሪያ ሠራ። የጠየቀውም በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ይሠራ የነበረ ኬሚስት ነው። በሎሚ ጭማቂው ውስጥ የነበረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሊትመሱን ቀለም ያነጣው፣ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮዱንም ያበላሽበት ነበር። በየቤተ ሙከራው የሚታየው ፒኤች ሜትር ከሎሚ ጭማቂ ችግር መወለዱ ለተማሪዎች ቢነገር የማይረሱት ነገር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህ ብርጭቆ ሶዲየም በበዛበትና አልካሊነቱ በበረታ ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየሙን እንደ ሃይድሮጅን ቆጥሮ ይሳሳታል። ብዙዎች ስሕተቱን ለማስወገድ ሲጣጣሩ ሌንጄልና ብሉም በ1934 በብርጭቆው ላይ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ቦሮን ኦክሳይድ ሲጨመር ለሶዲየም ያለው ዝንባሌ እንደሚበረታ አመለከቱ። ጆርጅ አይዘንማንና ባልደረቦቹም በ1957 ይህንኑ መንገድ ተከትለው ሶዲየምን ሆን ብሎ የሚመርጥ ብርጭቆ አቀረቡ። ቀድሞ ጉድለት የተባለው ጠባይ በዚህ ሁኔታ የመሣሪያ መሠረት ሆነ።

ለፍሎራይድ ግን ብርጭቆ የሚፈይደው አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤርኖ ፑንጎር በሃንጋሪ የብር ጨዎችን ከጎማ መሰል ቁስ ጋር አዋህዶ ለአዮዳይድና ለመሰሎቹ የሚሆኑ ኤሌክትሮዶችን ሠርቶ ነበር። የብር ፍሎራይድ ግን ከሌሎቹ የብር ጨዎች በተለየ በውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ መንገዱ በዚያ በኩል ተዘጋ። ስለሆነም ውኃ መርማሪው ዊላርድና ዊንተር በ1933 እንዳወጡት ዘዴ ፍሎራይዱን ከአሲድ ጋር አንጥሮ በቶሪየም ናይትሬት መለካት ነበረበት፤ ይህም ጊዜና የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በ1966 ማርቲን ፍራንትና ጄምስ ሮስ በአሜሪካ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ለዚህ እንደሚያገለግል አስታወቁ። ክሪስታሉ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። በውስጡ የሚንቀሳቀሰውም የፍሎራይድ አዮን ብቻ ነው፤ ይኸውም አዮኑ በክሪስታሉ ውስጥ ካለ አንድ ባዶ ቦታ ወደ ሌላው እየዘለለ ስለሚያልፍ ነው። ባዶ ቦታዎቹን ለማብዛት ጥቂት ዩሮፒየም ይጨመርበታል፤ ሁለት ቻርጅ ያለው ዩሮፒየም ሦስት ቻርጅ ያለውን ላንታነም ሲተካ አንድ የፍሎራይድ ሥፍራ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የዚህ ክሪስታል ቁራጭ በፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ብዙ ጊዜ ይፈጅ የነበረውን ምርመራ ወደ ደቂቃዎች አወረደው። ለፖታሲየም ቫሊኖማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ በኋላም የፒቪሲ ፕላስቲክ ገለፈት በተከታታይ ቢመጡም፣ ለፍሎራይድ ግን ላንታነም ፍሎራይድ እስከ ዛሬ ዋነኛው ቁስ ነው።

ይህ ግኝት ለኢትዮጵያ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ፍሎራይድን ለውኃው ያበረክታሉ፤ ውኃው ካልሲየም ሲያንሰው ደግሞ ፍሎራይዱ አብሮ ዝቃጭ ሆኖ አይወርድም። ከዚህም የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን ያላቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። በወንጂ የስኳር እርሻ ነዋሪዎች ላይ የታየው የጥርስ መበለዝና የአጥንት መጎዳት የዚሁ ውጤት ነው።

ኤሌክትሮዱ ግን ብቻውን እውነቱን አይናገርም። የሚቆጥረው ነፃውን አዮን ስለሆነ ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት ጋር የተቆራኘውን ፍሎራይድ አያይም። አሲድ ሲበዛ ፍሎራይዱ ከሃይድሮጅን ጋር ይያያዛል፤ አልካሊ ሲበረታ ደግሞ በመጠኑ የሚቀርበው የሃይድሮክሳይድ አዮን ክሪስታሉን ያሳስታል። ፍራንትና ሮስ በ1968 ያቀረቡት ማስተካከያ ፈሳሽ ፒኤቹን ከ5 እስከ 5.5 ድረስ አስጠብቆ፣ ከአሉሚኒየምና ከብረት የተያዘውንም ፍሎራይድ ያስለቅቃል። በአሉሚኒየም ውሁድ ፍሎራይዱ እንዲቀነስ የተደረገ ውኃ ያለዚህ ፈሳሽ ቢለካ ከሆነው በላይ የጠራ መስሎ ይነበባል፤ ልጆቹ የሚጠጡት ግን የተቆራኘውንም ጭምር ነው።