የእንጨት ሥራ ሙያ ከጽሑፍ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፤ ታሪካዊ አመጣጡ

ጆሴፍ ሞክሰን የተባለው የለንደን አታሚና ካርታ ሠሪ በ1678 ስለ እጅ ሙያዎች የሚያትት ጽሑፍ በተከታታይ ክፍሎች ማሳተም ሲጀምር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብረት ቀጥቃጩንና የአናጢውን መሣሪያና አሠራር ለማንኛውም አንባቢ ክፍት አደረገ። ይሁን እንጂ የእጅ ጥበብ በልምምድ የሚገኝ እንጂ በቃላት የሚሰጥ ትምህርት አለመሆኑን በመቅድሙ ሳይሸሽግ አስገንዝቧል። ስለ ሙያ የሚጽፍ ሰው የብዕሩን ወሰን እንዲህ በግልጽ ማመኑ የሚያስመሰግነው ነው። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ብዙ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ከብዕር ይልቅ ወደ ካሜራ እንዲዞሩ ያደረጋቸውም ይኸው ወሰን ነው።

ቀደም ሲል ሙያው ከዋናው ባለሙያ ወደ ለማጁ የሚተላለፈው በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1563 የወጣው ሕግ ማንኛውም ሰው በሙያ ከመሰማራቱ በፊት ቢያንስ ሰባት ዓመት በለማጅነት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። የዘመኑ ርዝመት የነባር ባለሙያዎችን ጥቅም ያስጠበቀ ቢሆንም ትምህርታዊ ምክንያትም ነበረው። መላጊያው ከእንጨቱ ጅማት ጋር ሲሄድና በተቃራኒው ሲገፋ የሚያሰማው ድምፅ እንደሚለያይ፣ የዶለዶመ መሮ መዳፍን እንዴት እንደሚታገል ለማጁ የሚያውቀው ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ፣ ቀጥሎም ራሱ እየሞከረ ነበር።

ጽሑፍ ይህን ሁሉ ሊይዝ አልቻለም፤ የያዘው ግን ቀላል አይደለም። የፓሪሱ አናጢ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ ከ1769 እስከ 1774 ባሳተመው «የአናጢው ጥበብ» ከ380 በላይ የሥዕል ገጾች አቅርቧል። ሩቦ ሙያውን ከውጭ የተመለከተ ምሁር ሳይሆን በአናጢ ቤተሰብ ተወልዶ በሥራው ያደገ ሰው ነበር። በመሆኑም ሥዕሎቹ የመሣሪያን ቅርፅ፣ የመጋጠሚያን አሠራርና ልኬትን በጥንቃቄ ያሳያሉ። የማያሳዩት እንቅስቃሴን ነው። በሥዕል ላይ ያለ መጋዝ በምን ፍጥነትና በምን ያህል ግፊት እንደሚሄድ አይናገርም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በስዊድን፣ ኔስ በተባለው ሥፍራ በኦቶ ሳሎሞን የተመራው የመምህራን ማሠልጠኛ ከቀላል ወደ ከባድ በተደረደሩ የሥራ ናሙናዎች እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ እርምጃ እንዲሄድ በማድረግ ጉድለቱን በከፊል ሞላ።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል የእንጨት ሥራን ወደ ብዙ ቤቶች ያስገባው በቴሌቪዥን አማካይነት ነው። በአሜሪካ ሮይ አንደርሂል በ1979 በኖርዝ ካሮላይና የጀመረው ዝግጅት በእጅ መሣሪያዎች ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ እምብዛም ሳይቆራረጥ ስለሚቀረጽ ተመልካቹ የሠራተኛውን ድካምና አልፎ አልፎም ስሕተቱን ያይ ነበር። ከ1989 እስከ 2009 የዘለቀው የኖርም ኤብራም ዝግጅት በአንጻሩ በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የተደራጀና ረዥም ጊዜ የሚፈጀውን ሥራ በግማሽ ሰዓት አጠናቅቆ የሚያሳይ ነበር። ከማስተማር አንጻር የመጀመሪያው ይበልጥ ታማኝ ነው ማለት ይቻላል። የኤብራም ዝግጅት የልኬት ንድፉን በወረቀት ለብቻው ይሸጥ እንደነበር ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። እጅ የታየው በምስል ቢሆንም ቁጥሩን የያዘው ወረቀት ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በርካታ ባለሙያዎች የሥራ ማስታወሻቸውን በኢንተርኔት በጽሑፍና በፎቶግራፍ ማካፈል ጀመሩ። በርግብ ጅራት አምሳል የሚቀረጸውን የሣጥን ማዕዘን መጋጠሚያ በቃላት ለማስረዳት ብዙ አንቀጽ ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፍ ለማንሳትም ሥራውን በየጊዜው ማቋረጥ ግድ ነው። ዩቲዩብ በ2005 ከተቋቋመ በኋላ፣ እንደ ማርክ ስፓኙዎሎ ያሉት ደግሞ በ2006 በቪዲዮ ማስተማር ከጀመሩ በኋላ፣ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ተከተሏቸው። ለማጁ አሁን ምስሉን ያቆማል፣ ይመልሳል፣ ያዘገየዋል፤ ይህን ሥልጣን የቴሌቪዥን ተመልካች አልነበረውም። ጉዳቱም አለ። በመጽሐፍ በዓይን ቅኝት የሚገኝ አንድ ልኬት በቪዲዮ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኘው በድካም ነው። መሮውን የመሳል ረዥም ሥራም ተመልካች እንዳይሰለች ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጀማሪውን ከሥራ የሚያስቀረው ግን ይኸው ያልተሳለ መሮ ነው።

ምስልን የማቆም ሥልጣን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮም ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ የተስፋፋው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት የእጅ ሙያን የሚመለከት ባይሆንም፣ መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አለመቻሉ ዋነኛ ቅሬታ ሆኖ ነበር።

ዕቅድ አውጪዎችን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ግን ሌላ ግኝት ነው። ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ድርጊት በቪዲዮ ደጋግመው ያዩ ሰዎች እንደሚችሉት ያላቸው እምነት ከፍ አለ፤ ለምሳሌ በዳርት ውርወራ ሲፈተኑ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ካዩት አልተሻሉም። ስለ ድርጊቱ ያነበቡት እንዲህ ያለ መተማመን አላደረባቸውም። ወደ ላይ እየተወረወሩ የሚቀለቡትን ዘንጎች ለአፍታ በእጃቸው እንዲይዙ የተደረጉት ተመልካቾች ደግሞ መተማመናቸው ቀነሰ። ሠርቶ ማሳያ ክፍልና መሣሪያ በቪዲዮ ሊተካ ይችላል የሚል ሐሳብ ለበጀት ሲቀርብ ይህ ውጤት አብሮ መቅረብ ይኖርበታል፤ ቁሳቁሱን ያልጨበጠ ተማሪ አለመቻሉን የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

የሩቦ መጽሐፍ ከፊሉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2013 ታተመ፤ ሌላው ክፍል በ2017 ተከተለ። በአሥራ አንደኛው የሥዕል ገጽ ላይ የሚገኘው የአናጢ መሥሪያ ጠረጴዛ ዛሬ በበርካታ ቪዲዮዎች ሲሠራ ይታያል፤ ሠሪዎቹም መጠኑንና ቅርፁን ለማጣራት ወደዚያው ገጽ ይመለሳሉ።