ጣሪያ አልባዋ ቮልስ

ብረት መቁረጫ የያዘ ሰው የአንዲት የቤት መኪና ጣሪያ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ቆርጦ ሊያወርድ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዋ አስፋልት ወጥታ የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የፊት መስታወቷ ይርገፈገፋል፤ የፊቷና የኋላዋ አካል በየፊናቸው ይወዛወዛሉ። ውሎ አድሮ በሮቿ አንዴ አልከፈት፣ አንዴ አልዘጋ ይላሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ክዳኑ በደንብ የታሸገ ካርቶን በሁለት እጅ ቢጠመዘዝ እምቢ ይላል፤ ክዳኑ ሲቀደድ ግን ወዲያው ይጣመማል። የመኪናም አካል እንደዚያው ነው። ጣሪያው ከፀሐይና ከዝናብ ከመከለል አልፎ ከምሰሶዎቹ ጋር ተበይዶ ወለሉ እንዳይጎብጥ ይይዛል። በጥንቶቹ መኪኖች ሸክሙን የሚችለው ከሥር ያለው ወፍራም ሻንሲ ስለነበር ከላይ ጣሪያ ኖረም አልኖረም ብዙ ለውጥ አልነበረውም። ላሜራው ራሱ ሸክም መካፈል ከጀመረ ወዲህ ግን ጣሪያ ማንሳት አጥንት እንደ ማውጣት ሆነ።

ይህን ሙያ በትልቁ ካሳዩት ከተሞች አንዷ የጀርመኗ ኦስናብሩክ ናት። ቪልሄልም ካርማን በዚያች ከተማ ጋሪ ይሠራ የነበረ ድርጅት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1901 ነበር። ሙያው ከፈረስ ጋሪ ወደ መኪና አካል ተሸጋገረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ድርጅቱ ዓይኑን በቮልስዋገን ላይ ጣለ፤ የአዲስ አበባ ሰው ቮልስ እያለ በሚያውቃት በዚያችው ክብ መኪና ላይ።

በ1949 ቮልስዋገን ሁለት ትእዛዝ ሰጠ። ለካርማን አራት ሰው የምትይዝ 1,000 ክፍት መኪና፣ ቩልፍራት ከተማ ለነበረው ለሄብሙለር ደግሞ ባለ ሁለት መቀመጫ 2,000። የሄብሙለሯ ሲያዩዋት የምታምር፣ ሸራዋ ሲታጠፍ ከአካሏ ጋር ገጥሞ የሚተኛላት ነበረች። ነገር ግን ሥራው በተጀመረበት በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሄብሙለርን ፋብሪካ እሳት በላው። ድርጅቱ ሥራውን ቢቀጥልም ከደረሰበት ኪሳራ ማገገም ሳይችል በ1952 ተዘጋ። ከታዘዙት 2,000 መኪኖች የተሠሩት 700 ገደማ ብቻ ናቸው።

ካርማን ዘለቀ።

የካርማን ሠራተኞች ጥበብ ያለው ተመልካች በማያየው ቦታ ነው። ከበሮቹ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ ወለሉን ከፊት እስከ ኋላ የሚይዙ ጠንካራ ብረቶች ተበየዱ። የፊት መስታወቱ ዙሪያ፣ የበሩ ምሰሶዎችና ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ያለው ክፍልም ተጠናከረ። በዚህ የተነሳ የብረት ጣሪያዋ የተነሳላት ቮልስ ጣሪያ ካላት እህቷ ይልቅ ትከብድ ነበር።

ሸራውም ተራ ሸራ አልነበረም። ከውጭ ዝናብ የሚመልስ ጨርቅ፣ ከውስጥ ገበር፣ በመካከላቸው ደግሞ የፈረስ ጭራ ፀጉር ያለበት ወፍራም ሙሌት ነበረው፤ የኋላ መስኮቱም የእውነት መስታወት ነበር። በክረምት በጀርመን ብርድ ሰውን ሞቅ አድርጎ ይዟል። ዋጋው የሚታወቀው በበጋ ሲታጠፍ ነው፤ ያ ሁሉ ሙሌት ከኋላ መቀመጫ በላይ እንደ ታሰረ ፍራሽ ተከምሮ የሹፌሩን የኋላ እይታ ይጋርዳል። ያም ሆኖ ገዢዎቿ ወደዷት። በጀርመን ጣሪያ ያላት ቮልስ ማምረት በ1978 ሲቆም ክፍቷ እስከ ጥር 10 ቀን 1980 ድረስ ከኦስናብሩክ መውጣቷን ቀጠለች። በጠቅላላው ከ330,000 በላይ ተሠርተዋል።

በእንግሊዝ ነገሩ በትንሽ ጋራዥ ደረጃ ተሞከረ። በ1960ዎቹ ዌስተርሃም ውስጥ ይሠራ የነበረው ክሬይፎርድ የተባለው ድርጅት እንደ ሚኒና ፎርድ ኮርቲና ያሉ የቤት መኪኖችን ተቀብሎ ጣሪያቸውን እያነሳ፣ ወለላቸውን እያጠነከረ ይሸጥ ነበር። በ1966 የታሸገ ምግብ አምራቹ ሄንዝ በምርቶቹ ላይ ከሚጽፈው 57 ቁጥር ጋር እንዲገጥም 57 ዎልስሊ ሆርኔቶችን አስቀይሮ በውድድር ላሸነፉ ደንበኞቹ ሸልሟል። መኪኖቹ ለሽርሽር የታሰቡ ስለነበሩ የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚሰካበት ሶኬት ሳይቀር ተገጥሞላቸዋል።

ካርማን ራሱ ወደ ኋላ ላይ ሌላ መፍትሔ አመጣ። በ1979 ብቅ ባለችው የቮልስዋገን ክፍት ጎልፍ መካከል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረ ቋሚ ቀስት አኖረ። ቀስቱ መኪናዋ ብትገለበጥ ሰው ያተርፋል፣ አካሏንም ያጠነክራል። ጀርመኖች ቅርጿን አይተው የእንጆሪ ቅርጫት አሏት።

ዛሬ አሮጌ ክፍት ቮልስ የሚገዛ ሰው በፋብሪካ የተሠራችውን፣ አንድ ባለ መኪና በጓሮው ካስቆረጣት መለየት አለበት። ቀለምና ሸራ ያታልላሉ። ልምድ ያለው ባትላሜራ ግን ከሥሯ ተንበርክኮ በበሮቹ ግርጌ ያለውን ብረት በጣቱ እያንኳኳ ዝገት ይፈልጋል፤ በበሩና በምሰሶው መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል መሆኑንም ያያል። ከዚያ አንዱን ጎን በክሪክ ያነሳና በሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ መልሶ ይዘጋዋል።