ሮድኒ መለን፦ ሊሾ ላይ የተወለደ ዝላይ

በየሰፈራችን ስኬትቦርድ የሚነዳ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ ሰሌዳውን በእጁ ሳይነካ ከእግሩ ጋር አብሮ ማዝለል ነው። ኦሊ ይባላል። ብዙዎቹ ልጆች ይሄ ዝላይ ሰሌዳው ሲሠራ አብሮ የመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሜዳ ላይ መዝለልን ያሳየው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ስሙ ሮድኒ መለን ነው። ለዘንድሮው መጽሔት ታሪክ ጻፉ ስንባል ነገሥታቱንና ጦርነቱን ለሌሎች ትተን፣ ልጆች ሳለን ስለምንወደው ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ተስማማን። ቅር የሚለው አንባቢ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

እኛ ያወቅነው በአሮጌ ፕሌይስቴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ቶኒ ሆክስ ፕሮ ስኬተር 2» እኛ እጅ ሲገባ አሥር ዓመት ያህል አልፎት ነበር። ሌሎቹ ከትልልቅ ግድግዳ ላይ ሲወነጨፉ እሱ መሬት ላይ ሆኖ ሰሌዳውን እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን ያገላብጠው ነበር። ተራ ይዘን፣ ተጣልተን፣ እሱን ለመምረጥ ስንሻማ ያደግን ልጆች ነን። በኋላ ነው እውነተኛ ሰው መሆኑን፣ ፊልሞቹም መኖራቸውን ያወቅነው።

መለን የተወለደው በ1966 በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ጌንስቪል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የጥርስ ሐኪም፣ ቁጡና ጥብቅ ሰው ነበር። ስኬትቦርድ ለሥራ ፈቶች ነው ብሎ ከልክሎት ቆይቶ፣ ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው በውል ፈቀደለት። ውሉም የጉልበትና የክርን መከላከያ ሁልጊዜ ታደርጋለህ፤ አንድ ቀን ክፉኛ ከተጎዳህ ያን ቀን ታቆማለህ የሚል ነበር። እኛ ይሄን ስናነብ ሳቅን። «እግርህ ቢሰበር ማን ይሸከምሃል?» ተብሎ ያላደገ ከመካከላችን ማን አለ? ልዩነቱ እኛ ውሉን እየተደበቅን ማፍረሳችን፣ እሱ ግን አክብሮ መያዙ ነው።

ቤተሰቡ ከከተማ ርቆ ወደ እርሻ ቦታ ሲገባ ልጁ ብቻውን ቀረ። እዚያ መወጣጫ የለም፣ ጓደኛም የለም፤ ያለው የመኪና ማቆሚያው ሊሾ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሪስታይል የሚባለውን፣ በጠፍጣፋ ቦታ የሚደረገውን የስኬትቦርድ ዓይነት ሌሊት ሌሊት ለሰዓታት ይለማመድ ነበር። በ1980፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ሳን ዲየጎ ሄዶ በጊዜው ስመ ጥር የነበረውን ስቲቭ ሮኮን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ ከገባባቸው 35 ውድድሮች 34ቱን እንዳሸነፈ ይነገርለታል። አባቱ ግን በየጊዜው «አሁን ይበቃሃል» ማለቱን አልተወም። እያሸነፉ ቤት ገብቶ እንደ ጥፋተኛ መቆም ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ነው።

ወደ ዝላዩ እንመለስ። ኦሊ ስሙን ያገኘው ከአለን ጌልፋንድ ቅጽል ስም ነው። እሱም የፍሎሪዳ ልጅ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጎድጓዳ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ እጁን ሳይጠቀም አየር ላይ መውጣት ጀመረ። ግድግዳው ግን ራሱ ወደ ላይ ይወረውርሃል። ሜዳ ላይ የሚወረውርህ ነገር የለም። መለን በ1982 አካባቢ ያገኘው መላ ይሄ ነው፦ የኋላ እግር የሰሌዳውን ጭራ መሬት ላይ ይመታል፤ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት የፊት እግር ሰሌዳው ላይ እየተፋተገ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የኋላው ይነሣና ሰሌዳው አየር ላይ ይስተካከላል። ሲነገር ቀላል ነው፤ እኛ ግን ወራት ፈጅቶብናል፣ ቁርጭምጭሚታችንም ምስክር ነው።

በማግስቱ ዓመት ኪክፍሊፕ የሚባለውን አመጣ፤ ያን ጊዜ «ማጂክ ፍሊፕ» ይሉት ነበር። እግሩ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ሲንሸራተት ሰሌዳው በቁመቱ ዙሪያ አንዴ ይገለበጣል። ሂልፍሊፕ፣ ኢምፖሲብል፣ ሌሎችም ተከታተሉ። አንድ ሰው ፊደል ቆርጾ፣ ሌሎች በዚያ ፊደል መጽሐፍ ጻፉ ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ታዲያ ጉዱ ምን መሰላችሁ? የእሱን ዝላይ የወሰዱት የጎዳና ነጂዎች የእሱን ስፖርት ገደሉት። ኦሊ ካለህ ደረጃ ትዘላለህ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ትወጣለህ፤ በሙዚቃ ሜዳ ላይ የሚሽከረከረውን ሰው ማን ያየዋል? በ1990ዎቹ መግቢያ ፍሪስታይል ሞተ። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሰው ሻምፒዮን የሚሆንበት ውድድር አጣ። ከዚያው ካሸነፈው ከስቲቭ ሮኮ ጋር ወርልድ ኢንዱስትሪስ በተባለው ኩባንያ አብሮ ይሠራ ስለነበር እንጀራ አላጣም። ማይክ ተርናስኪ የሚባል ሰው ግን ወደ ጎዳና እንዲወጣ ገፋፋው፤ በ1992 «ኩዌስቸነብል» በተሰኘው የፕላን ቢ ፊልም ላይ የ26 ዓመቱ መለን አዲስ ሰው ሆኖ ታየ። ዛሬም ስናየው አፋችንን እንከፍታለን። ተርናስኪ በ1994 በመኪና አደጋ ሞተ።

ከፊልሞቹ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው በ1997 ከዴዎን ሶንግ ጋር የተወዳደረበትን ነው። ሶንግ በሴኡል ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ነው፤ እኛ ሰፈር ሁለቱም እኩል ደጋፊ ነበራቸው። አንዱ ሌላውን ለማሸነፍ ይጥራል፣ ግን አንዱ ሌላውን ያደንቃል። በኋላ ኦልሞስት የተባለውን የሰሌዳ ኩባንያም አብረው መሠረቱ።

ከዚያ ሰውነቱ ከዳው። ለዓመታት የወደቀበት ዳሌው ውስጥ ጠባሳ ተጋግሮ መገጣጠሚያውን ያዘበት። እሱ ግን በራሱ እጅ፣ በገዛ ሥቃዩ፣ ጠባሳውን ለዓመታት እየዘረጋ አላቀቀው። ይሄን ማንም እንዳይሞክረው! በ2016 ከረጅም ዝምታ በኋላ «ሊሚናል» የሚባል አጭር ፊልም ወጣ። የ50 ዓመት ጎልማሳ በካሜራዎች ተከብቦ ብቻውን ይነዳል፤ ጽሑፉን ስናዘጋጅ ሦስቴ ደግመን አየነው።

በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ፣ ላፍቶ፣ የስኬትቦርድ መናፈሻ ተከፈተ። በ2021 ደግሞ ስኬትቦርድ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ገባ፤ ሞሚጂ ኒሺያ በ13 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች። ለኦሊ የባለቤትነት ክፍያ የለም፤ ማንም ሲዘል ለመለን አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። ባለፈው በጋ ለታናናሾቻችን ስሙን ብንጠይቃቸው አንዱም አያውቀውም። ከመካከላቸው አንዱ ግን የመናፈሻውን ዳር ይዞ መጣና፣ ጭራውን መታ፣ ሰሌዳው አንዴ ተገለበጠለትና ቆመበት።