ሰቃዮችና መስካሪዎች

«ሰቃይ» የሚለውን ቃል ተማሪዎች ከየት እንዳመጡት ለመገመት አያስቸግርም። ውጤቱን ከፍ አድርጎ የሰቀለ ሰቃይ ይባላል። በሌላው የከተማችን ክፍል ይህን ቃል ሰምቶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ እኔ በምኖርበት በቀራንዮ ግን ጆሮ ይይዛል። ቀራንዮ ጌታ የተሰቀለበት ቦታ ስም ነውና፣ «የእገሌ ልጅ ሰቃይ ናት» ሲባል የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፈገግ ይላሉ። ሐምሌ ሲገባ ከኮልፌ እስከ ዓለም ባንክ በየመንደሩ ድንኳን ይተከላል፤ ድፎው ይቆረሳል፤ ጋዋን የለበሰው ልጅ ወይም የለበሰችው ልጅ ፎቶግራፍ ከግድግዳው መሐል ይሰቀላል። ሜዳልያ ያጠለቀ ተመራቂ ያለ እንደሆነ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የሜዳልያውን ክብደት በእጁ ሳይመዝን አይሄድም።

እኔን ሲከነክነኝ የኖረው የሜዳልያው ክብደት አይደለም። ይህ ልጅ ጎበዝ ነው ብሎ የመሰከረው ማን ነው? ምስክሩስ ይታመናል ወይ? በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ይህ ጥያቄ በየዘመኑ ሌላ ሌላ መልስ አግኝቷል።

የመጀመሪያው መልስ ከቆሎ ተማሪው ዘንድ የሚገኘው ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ልጅ የሚያመጣው ነጥብ አልነበረውም። ቅኔ ቤት ሲገባ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ የኔታ ያርሙታል፤ የተበላሸ እንደሆነም ጓደኞቹ እየሰሙ ይነገረዋል። ድጓ የሚያስመሰክረው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚሻው ወደ ጎንደር ይወርዳል ወይም ይወጣል። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ መምህሩ «በቅቷል» ካሉ በቃ፤ ተማሪው አስመሰከረ ይባላል። ካላሉ ይመለሳል፣ ይቀጽላል። መቶ ላይ ሰማንያ አምስት የሚባል ድጓ የለም።

የቃሉን አፈጣጠር ልብ ይሏል። ማስመስከር ማለት ሌላ ሰው ስለ አንተ እንዲመሰክር ማድረግ ነው። ያስመሰከረው ሰው በሄደበት ደብር ቢሳሳት «የማን ተማሪ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚነሣውም የመምህሩ ስም ነው። ስለዚህ መምህሩ ሲመሰክሩ የገዛ ስማቸውን አስይዘው ነው። ጉድለቱም ብዙ ነበር። የአንድ ሰው ፍቅርና ቂም የብዙ ዓመት ድካም ሊያበላሽ ይችላል፤ ሴቶችም ከሞላ ጎደል ከደጅ ቀርተዋል። የጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እስከ ዛሬ እንደ ብርቅ የሚጠቀሱት ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የመጣብን ከሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 የአሜሪካው የየል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ኤዝራ ስታይልስ 58 ተማሪዎችን ፈትኖ በ4 ደረጃ ከፋፍሎ በማስታወሻ ደብተሩ መዘገባቸው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖቹ ወደ ቁጥርና ወደ ፊደል ተሻገሩ። እኛ ዘንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ፈተናውና ነጥቡ ከነሥርዓቱ አብሮ ገባ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ፣ ቻንስለሩ ራሳቸው ሆኑ። ለተመራቂው ዲግሪውን፣ ለበላጩ ሽልማቱን የሚያድሉት በገዛ እጃቸው ነበር። ነጥቡን የሚሰጠው መምህሩ ይሁን እንጂ የመጨረሻው መስካሪ ንጉሡ ሆኑ ማለት ነው።

ይህ ምስክርነት ዕድሜው አጭር ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ከንጉሡ እጅ የሚገኝ ክብር ለብዙዎቹ እያነሰ ሄደ። ከኮልፌ ብዙም ሳይርቅ ካለው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1964 ዓ.ም. የጨረሰው መለስ ዜናዊ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራውን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ያገኘ ልጅ ነበር። ሕክምና ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል እንደተማረ አቋርጦ በረሃ ወረደ። የቀረውን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል፤ እንደየወገኑም ይፈርዳል። ያ ሽልማት ስለ ልጁ አእምሮ መስክሮ ይሆናል፤ ያ አእምሮ ወዴት እንደሚሄድ ግን ሸላሚዎቹ አላወቁም።

ኮልፌን ካነሣሁ አይቀር አንድ እንግዳ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲው በተመረቀበት በዚያው በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኔልሰን ማንዴላ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሰፈር ውትድርና ሊማር መጣ። ካስተማሩት መኮንኖች አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። 6 ወር ይቆያል የተባለው ሥልጠና ሳያልቅ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ይህ ሰው በጆሃንስበርጉ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪውን የመጨረሻ ዓመት ፈተና ደጋግሞ ወድቆ ያለ ዲግሪ የወጣ ተማሪ ነው። የጥብቅና ፈቃዱን ያገኘው በሌላ በር ነው። ያንን የሕግ ዲግሪ በመጨረሻ በተልዕኮ ተምሮ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1989፣ እስር ቤት ሳለ፣ 70 ዓመት በሆነው ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ በማንዴላ ላይ አልዋሸም። የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው።

ከዚህ ተነሥቶ «ነጥብ ከንቱ ነው» የሚል ካለ ግን አልስማማም። ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ወሎንኮሚ ተወልዶ ያደገውን ገቢሳ ኤጀታን ይመለከቷል። የሣር ጎጆ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ እሑድ ማታ በእግሩ ሄዶ ዐርብ ይመለስ ነበር። ጂማ እርሻ ትምህርት ቤት የገባው በውጤቱ ነው፤ ዓለማያ ኮሌጅ የገባውም በውጤቱ ነው። በ1965 ዓ.ም. ከዓለማያ ተመርቆ በኋላ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰደ። አባቱ ባለሥልጣን ያልሆነ፣ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ልጅ ከነጥቡ ሌላ ምን አማላጅ ነበረው? ደረቁ ቁጥር ለድሃ ልጅ የሚውለው ውለታ እዚህ ላይ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም።

አይጠይቅም ያልኩት ቁጥሩ የታመነ ሲሆን ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲባል አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። የግሎቹን ኮሌጆች ቆጥሮ የሚጨርሳቸው የለም። ስሌቱ አልተለወጠም። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ሆኖ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ይካፈላል። 3.25 የደረሰ በማዕረግ፣ 3.50 የደረሰ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 ያለፈ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል። የተለወጠው ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ሰው ነው። 200 ተማሪ የሚያስተምር መምህር የልጁን ስም እንኳ አያውቅም፤ እንዴት ስሙን አስይዞ ይመስክር? ቀጣሪው ከወረቀቱ ላይ 3.9 አይቶ ትከሻውን መነቅነቅ የጀመረው ያኔ ነው።

መንግሥትም ሌላ መስካሪ ፈለገ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጥቶ ግማሹን ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የመውጫ ፈተና በየትምህርት ዘርፉ ለተመራቂዎች ሁሉ መጣ፤ ከ100 ግማሹን ያላመጣ ዲግሪ የለውም። ከ150,000 በላይ ተፈታኞች ውስጥ ያለፉት ከመቶ 41 ያህሉ ነበሩ፤ ከግል ኮሌጆቹ ተፈታኞች ያለፉት ከመቶ 17 ገደማ። እነዚህ ሁሉ ግን የየተቋማቸውን ኮርስ አልፈው፣ ነጥባቸውን አሟልተው የመጡ ናቸው።

በዚያ ሰሞን ከቤቴ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጉልት የሚነግዱ እናት ዘንድ ቡና ተጠርቼ ነበር። ልጃቸው አካውንቲንግ ተማሪ ናት፤ ነጥቧ 3.81፤ የሰፈሩ ሰቃይ። ጥግ ይዛ ትቸክላለች።

«አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አሉ፣ እስቲ ንገረኝ ልጄ» አሉኝ ሴትየዋ፣ ስኒውን እያቀበሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ኤ ሲሰጧት የኖሩት አስተማሪዎች አይደሉም ወይ? ታዲያ አሁን ለምን ደግማ ትፈተናለች?»

«እትዬ፣ መንግሥት ማጣራት ፈልጎ ነው» አልኳቸው። መልሴ ለራሴም አልጣመኝ።

ልጅቱ ከደብተሯ ቀና ሳትል «እማዬ፣ የሚፈተኑት እኮ እነሱ ናቸው» አለች።

አለፈች፤ በማዕረጓም ተመረቀች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል የባንክ ማስታወቂያ ስታሳድድ ከረመች፤ የሚበዙት የሚጠይቁት የሥራ ልምድ ነው። እስከዚያው የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ሒሳብ ማስጠናት ያዘች፤ ስምንት ናቸው። ወላጆች በወሩ መጨረሻ ክፍያ ይዘው መጥተው «ልጄ እንዴት ነው?» ሲሏት ነጥብ አትነግራቸውም። ልጁን አስነሥታ ጠመኔ ታስይዘውና አባቱ ፊት ያሠራዋለች።