ባይተዋርነትና ማኅበራዊ ድጋፍ፤ በኩባ የወጣቶች ደሴት የተማሩ ኢትዮጵያውያን

ከአገሩ ርቆ የሚማር ተማሪ የሚገጥመው ችግር የትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ቋንቋው፣ ምግቡ፣ የአየሩ ጠባይና የሰው አኗኗር በአንድ ጊዜ ሲለወጥበት ባይተዋርነት ያድርበታል። ይህን ጫና ማቃለል የሚችለው በዙሪያው የሚያገኘው ማኅበራዊ ድጋፍ ነው። ለዚህም በኩባ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ታሪክ ጥሩ አብነት ይሆናል።

ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተካሄደው ጦርነት ኩባ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፋ ነበር። ከጦርነቱ ማግሥት ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ለትምህርት ወደዚያች አገር ተላኩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ምግባቸውን፣ ልብሳቸውንና ሕክምናቸውን የኩባ መንግሥት ቻለ። የተቀበለቻቸውም ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ የምትገኘው፣ ቀድሞ የጥድ ደሴት ስትባል ኖራ በ1970 ዓ.ም. የወጣቶች ደሴት የተሰኘችው ሥፍራ ነበረች።

በደሴቲቱ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የሌሎች አገሮች ልጆችም ይማሩ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ አዳሪ ሲሆኑ፣ የአንድ አገር ልጆች በአንድነት እንዲኖሩ ተደርገው የተደራጁ ነበሩ። ትምህርትን ከሥራ ጋር በማጣመር መርሕ መሠረት ተማሪው የቀኑን ግማሽ በክፍል፣ ግማሹን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬዎች እርሻ ያሳልፍ ነበር። ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ስፓኝኛ ነው። ሆኖም አብረዋቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምሯቸው ነበር።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ቀላል አልነበረም። የእናት የአባት ደብዳቤ ለማይጠብቅ ሕፃን የመኝታ ክፍል ጓደኛው ወንድም፣ መምህሩም የዘመድ ምትክ ይሆንለታል። በገዛ ቋንቋው የሚሰጠው ትምህርት ቁጥሩ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቢሆንም፣ ማንነቱን እንዳይዘነጋ ከመርዳቱም በላይ ችግሩን የሚገልጽበት አንደበት ይሰጠዋል። በዚህ ረገድ የአገር ቋንቋ ትምህርት ከዕውቀት ማስጨበጫነቱ ባሻገር የመንፈስ መጠለያም ነበር ማለት ይቻላል።

ፈተናው ግን በመሄድ ብቻ አልተወሰነም። በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ገና ትምህርታቸውን ያልፈጸሙ ነበሩ። የላካቸው መንግሥት ሊቀበላቸው አልቆየም። በልጅነት የወጣ ሰው ጎልምሶ ሲመለስ ትቶት የሄደውን አገር አያገኘውም፤ በስፓኝኛ ማሰብ የለመደም በትውልድ አገሩ ቋንቋ ለመሥራት እንደገና መማር ይኖርበታል። በባዕድ አገር የተጀመረው ባይተዋርነት በገዛ አገር ሁለተኛ መልክ ይይዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ተማሪን ወደ ውጭ የሚልክ ሥርዓተ ትምህርት ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባዋል፤ ይኸውም የአገሩን ቋንቋ፣ የሚያውቀውን መምህርና የሚመለስበትን መንገድ ነው። የኩባው አደረጃጀት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሟልቶ ነበር። ሦስተኛው ግን በአንድ መንግሥት ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም።